43 ተማሪ ይዘን ከሀዋሳ አዲስ አበባ ልንመጣ ነው፣ የመጀመሪያዋን ቀን ምን ብናደርግባት ይሻላል?

ቲቸር ሀዋሳ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ሀዋሳ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ለሴሚስተር እረፍት የ10ኛ ክፍል ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ልንመጣ ነው፣ 43 ተማሪ ከሶስት አስተማሪ ጋር። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ሁለት ሌሊት አድረን ሰኞ እንመለሳለን። አብዛኞቹ አዲስ አበባን በቴሌቪዥን ነው የሚያውቋት፣ ደስታቸው ከአሁኑ ልክ የለውም፣ ክፍል ስገባ ቲቸር ባቡሩን እናያለን ወይ፣ ቲቸር መርካቶ እንሄዳለን ወይ፣ ወሬው ሁሉ ይሄ ብቻ ሆኗል።

የእሁድና የሰኞው ፕሮግራም አልቋል፣ እሁድ አንድነት ፓርክና አድዋ ድል መታሰቢያ፣ ሰኞ ጠዋት እንጦጦ ብለናል። ያልተስማማነው በቅዳሜው ነው። አንዱ ባልደረባዬ ልጆቹ መጀመሪያ ከተማውን በጠቅላላ ይዩት፣ ከቃሊቲ ቦሌ፣ ከቦሌ መስቀል አደባባይ፣ ከዛ ሜክሲኮ ፒያሳ መርካቶ እያልን በባስ እናዙራቸው ይላል። እኔ ደሞ ግማሽ ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጦ የመጣ ልጅ እንደገና መኪና ውስጥ አስቀምጠን ህንፃ በመስኮት ብናሳየው ምን ይጠቅመዋል እላለሁ። ማደሪያችን ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። በናታችሁ እዛው የምትኖሩ ወይም ተማሪ ይዛችሁ ተጉዛችሁ የምታውቁ ምከሩኝ፣ ስለ ምግቡም ስለ ጥበቃውም ጭምር፣ የሰው ልጅ አደራ ነው እንቅልፍ አይወስደኝም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ቲቸር ከወዲሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ በአንቺ ሀሳብ ነኝ። በባስ ዙሩት የሚለው ወረቀት ላይ ሲፃፍ ያምራል እንጂ ቅዳሜ ከሰአት ከቃሊቲ ተነስተሽ ቦሌ ሜክሲኮ ፒያሳ መርካቶ ማለት ትራፊክ ውስጥ ተቀምጦ መምሸት ነው፣ ግማሹ ልጅ ተኝቶ ግማሹ ሽንት ቤት እያለ።

ማደሪያችሁ ስድስት ኪሎ ከሆነማ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ያውም የታሪክ አስተማሪ ሆነሽ። ምሳ በልተው ሻንጣቸውን አስቀምጠው ትንሽ ጎናቸውን ካሳረፉ በኋላ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በእግር ውረዱ፣ በቃ የቅዳሜ ፕሮግራም ይሄ ይበቃል። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ አይከብዳቸውም፣ ይሄን የምልሽ በምክንያት ነው፣ ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ገደማ ነው፣ ልጆቹ ባይነግሩሽም አንዳንዶቹን መጀመሪያ ቀን ትንፋሽ ሊያጥራቸው ራስ ምታት ምናምን ሊላቸው ይችላል፣ ስለዚህ እንጦጦን ለሰኞ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው፣ እሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

መነሻችሁ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ያለው የየካቲት 12 ሀውልት ይሁን። ሀውልቱን ከሩቅ አሳይተሽ አትለፊ፣ ዙሪያውን ይሂዱና የተቀረፀውን ምስል ቀስ ብለው ይዩት፣ የወደቀው የሚገረፈው የሚያለቅሰው ሁሉ አለ። ከዛ ፊታቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲው በር አዙሪያቸው። 1929 ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት እዛ ግቢ ውስጥ ነው፣ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ነበር። ከዛ በኋላ ነው ጣሊያን ሶስት ቀን ሙሉ ከተማውን በእሳትና በጥይት የጨረሰው፣ በእኛ መንግስት መዝገብ 30,000 ሰው ነው ያለቀው። በ1953 የታህሳስ ግርግር፣ የመፈንቅለ መንግስቱ ሙከራ ጊዜም ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተገደሉት እዛው ቤት ውስጥ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ጃንሆይ ቤተ መንግስቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። ልጅ ይሄን መፅሀፍ ላይ አንብቦት ይሆናል፣ በሩ ፊት ቆሞ ሲሰማው ግን ሌላ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም በጣም የምወደው ቦታ ነው፣ ቢሆንም ቅዳሜ አታስገቢያቸው፣ በአንድ ቀን ሁለት ሙዚየም ካየ ልጅ አንዱም አይቀርለትም።

ወደ ታች ስትወርዱ አምስት ኪሎ ላይ ብሄራዊ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። ቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ውሰጃቸው። ለእይታ የተቀመጠው ቅጂ ነው፣ እውነተኛው አፅም በጥንቃቄ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው፣ ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው አለዚያ እዛ ደርሰው ቅር ይላቸዋል። በ1967 ሀዳር አፋር ውስጥ ነው የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን አመት። ልጆች ሁሌ የሚገርማቸው እድሜዋ አይደለም ቁመቷ ነው፣ አንድ ሜትር ከምናምን ናት፣ የአንደኛ ደረጃ ልጅ ነው የምታክለው፣ አጠገቧ ቆመው በእጃቸው ወገባቸው ላይ እየለኩ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዛ ፎቅ ላይ የነገስታቱ አልባሳትና ዙፋን አለ የአፈወርቅ ተክሌም ስእል አለ፣ እሱን እንደ አቅማቸው።

መጨረሻ አራት ኪሎ፣ የሚያዝያ 27 ሀውልት ስር። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባበት ቀን ሚያዝያ 27 ነው፣ ንጉሱ በ1933 ተመልሰው የገቡትም ሚያዝያ 27 ነው፣ ልክ በአምስት አመቱ። ስለዚህ ልጆችሽ ከየካቲት 12 ተነስተው ሚያዝያ 27 ላይ ይደርሳሉ፣ ማለፍ የሌለበት ትምህርት በአንድ ከሰአት በእግራቸው ተራመዱት ማለት ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ቅድስት ስላሴ ካቴድራል እዛው ቅርብ ነው፣ የንጉሱና የእቴጌ መነን መቃብር ያለበት፣ ለኢትዮጵያ ነፃነት ስትሟገት የኖረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስትም እዛ ግቢ ነው ያረፈችው።

የትብብር ደብዳቤ ማህተም ያለበት ብዙ ኮፒ ይዘሽ ነይ፣ ሙዚየምም ፓርክም ስትገቢ ነገር ይቀላል፣ የተማሪ መታወቂያቸውንም ይያዙ። የመግቢያ ሰአት ደግሞ ከመምጣትሽ በፊት በስልክ አጣሪ፣ በአል ምናምን ሲሆን ይቀያየራል።

የሞጆ መስመር፦
እኔ የመንገዱን ልንገርሽ እህቴ፣ ስራዬ ስለሆነ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጊዜ የሚበላው ግን ርቀቱ ሳይሆን ከሀዋሳ እስከ ባቱ ያለው ነው፣ ሻሸመኔ አርሲ ነገሌ ባጃጁ ከብቱ ጋሪው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ከባቱ በኋላ የፍጥነት መንገዱ አለ፣ ሞጆ ከገባችሁ ደሞ የአዳማው የፍጥነት መንገድ። ከጠዋቱ 12 ሰአት ተነሱ እንጂ በሌሊት አትነሱ፣ ሹፌሩን ቶሎ እንድረስ ብላችሁ አታጣድፉት፣ 43 ልጅ ነው የጫነው። ቁርስ ባቱ ላይ ብሉ፣ ሽንት ቤትም እዛው ይጨርሱ ምክንያቱም ኤክስፕረሱ ላይ እንደፈለጉ መቆም የለም። የሚያስታውካቸው ልጆች ከፊት ይቀመጡ ፌስታል ይያዙ።

ዋናው ነገር ሹፌራችሁ አዲስ አበባን ያውቃታል ወይ የሚለው ነው። የድሮው አዲስ አበባ ቀርቷል፣ የኮሪደር ልማት በተሰራበት መንገድ ላይ ዳር ይዞ ልጅ ማውረድ ሻንጣ ማራገፍ የለም፣ ይቀጣል። ስለዚህ ማደሪያው በር ላይ ትልቅ ባስ መግባት ይችል እንደሆነ ካሁኑ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ካልቻለ የት እንደሚቆም ተስማሙ። አራት ኪሎም ላይ እንዲሁ፣ በእግር ወርዳችሁ ስትጨርሱ ባሱ የት ቆሞ ነው የሚጠብቃችሁ? ይሄ ካልታወቀ 43 ልጅ አስፋልት ዳር ቆሞ ሹፌሩ አራተኛ ዙር ይዞራል። ደሞ ልጆቹ በዜብራ ብቻ ይሻገሩ፣ እዚህ አሁን በማንኛውም ቦታ መሻገርም ቆሻሻ መጣልም ያስቀጣል፣ የሙዝ ልጣጭ በመስኮት ወርወር የሚል ልጅ ካለ ከሀዋሳ ሳትወጡ ንገሩት። ሹፌሩም ሲደርስ ይተኛ፣ ማታ ለሌላ ጉዳይ አትላኩት።

ሳሪስ እናት፦
ልጄ የልጆቹ እናት ሆኜ ነው የምፅፍልሽ። አንድ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ዘመድ። ከሀዋሳ የሚመጣ ልጅ አዲስ አበባ አጎት የሌለው አክስት የሌለው የለም። መጀመሪያ ቀን ገና ባሱ ሳይቆም ስልክ ይደወላል፣ ልጄን አምጡልኝ እራት እኔ ጋ ይብላ ጠዋት እመልሰዋለሁ ይላል። በፍቅር ነው፣ ክፉ ሀሳብ የለውም። ግን የእህቴ ልጅ ከአርባ ምንጭ በትምህርት ቤት ጉዞ መጥታ በዚህ አይነት ነገር ጉድ ሆኖ ነበር፣ አንዲት ሴት አክስቷ ነኝ ብላ አብራት ያለችውን ልጅ ይዛት ሄደች፣ አስተማሪው በስልክ ቢደውል አያነሱም፣ ሌሊቱን ሁሉ ሲፈልግ አድሮ ጠዋት ልጅቱ አያት ቤት ተኝታ ተገኘች። ደህና ነበረች እግዚአብሄር ይመስገን፣ የዛ አስተማሪ ፊት ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለወላጅ በፅሁፍ አሳውቂ፣ ማንም ልጅ ከቡድኑ ተለይቶ ዘመድ ቤት አያድርም፣ ዘመድ ሊያይ የሚመጣ ሰው ካለ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰአት እስከ አንድ ሰአት ተኩል ማደሪያው ድረስ ይምጣ፣ እዛው ቁጭ ብለው ይሳሳሙ ይጫወቱ፣ እናንተ ፊት። ሰአቱ ከታወቀ ዘመድም አይቀየምም። አይ ግድ ነው ያለ ወላጅ ካለ እሱ ራሱ ፈርሞ የዘመዱን ስምና ስልክ ይስጥ፣ ሲመጣም መታወቂያውን እያችሁ።

ሁለተኛ ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ፅፋችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ኪሱ ውስጥ አድርጉለት። ሞባይል አለው ብላችሁ አትመኑ፣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርፅ ውሎ ከሰአት ላይ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ ደሞ ሰው የበዛበት ቦታ ይነጠቃል። ልጆቹን በቡድን ከፋፍላችሁ ለየቡድኑ አለቃ አድርጉ፣ አለቃው የራሱን ስድስት ሰባት ልጅ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ እናንተ አለቆቹን ትጠይቃላችሁ። 43 ልጅ አስፋልት ዳር በጣት መቁጠር አይሆንም።

ሶስተኛ ብርድ። ሀዋሳ የለመደ ልጅ በቲሸርት ነው የሚመጣው። ከሰአት ፀሀዩ ያታልላል፣ አመሻሽ ላይ ግን ይቆረጥማል፣ ሹራብ ወይ ጃኬት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃቸው ላይ ይሁን።

ምግቡ ላይ አትጨነቂ፣ ስድስት ኪሎም አራት ኪሎም የተማሪ ሰፈር ነው ሽሮ ቤት ሞልቷል። ግን ይዘሽ ዝም ብለሽ አትግቢ፣ ከሁለት ቀን በፊት ለአንዱ ደውለሽ 46 ሰው በዚህ ሰአት ብለሽ እዘዢ፣ ፆም ከገባ በያይነቱ፣ ካልገባ ሽሮና ጥብስ ቀላቅለው። ድንገት ከገባችሁ ግማሹ በልቶ ሲጨርስ ግማሹ ገና ውሀ እየጠበቀ ነው።

ናቲ፦
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ሀውልቱም ሙዚየሙም ጥሩ ነው አልቃወምም፣ ግን የ16 አመት ልጅ ናቸው በህይወታቸው መጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሲመጡ ማየት የሚፈልጉት መብራት ነው፣ ትልቅ ከተማ የሚባለውን ነገር። ቀኑ ጭፍጨፋና መቃብር ብቻ ሆኖ ካለቀ ያዝናሉ። ስለዚህ እራት ከመብላታቸው በፊት አመሻሽ 12 ሰአት ተኩል አካባቢ መስቀል አደባባይ ውሰጂያቸው፣ በ2013 ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ማታ ማታ ሌላ ቦታ ነው የሚመስለው፣ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ፎቶ ይነሱ ይሳቁ፣ ስፖርት የሚሰራው የሚራመደው ሁሉ አለ፣ አንድ ሰአት በቂ ነው። ባልደረባሽም ደስ ይለዋል፣ ከአራት ኪሎ በባስ ወደዛ ስትወርዱ በመስኮት የሚያዩትን ያያሉ፣ በዛች መንገድ ታላቁ ቤተ መንግስት ሸራተን ወዳጅነት ፓርክ ሁሉም እዛው ነው።

የሳሪሷ እናት ዘመድ በ12 ሰአት ይምጣ ያሉት ከዚህ ጋር ይጋጫል፣ እሱን ወደ ምሽቱ ሁለት ሰአት ብታዞሪው ይሄዳል።

ሚኪ ግቢ፦
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ እኔም ከክፍለ ሀገር ነው የመጣሁት ስለዚህ የልጆቹ ነገር ይገባኛል። ስለ መርካቶ፣ ቅዳሜ በጭራሽ አታስቡት፣ የገበያ ቀን ነው ከየአቅጣጫው ሰው የሚጎርፍበት፣ መንገዱን የማያውቅ 43 ልጅ እዛ ውስጥ አንድ ላይ ይዞ መውጣት የሚችል አስተማሪ አይታየኝም። መርካቶ ቢያንስ ሁለት ሶስት ሆኖ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው የሚኬደው።

ባቡሩ ግን ይሳፈሩ እባካችሁ አታስቀሩባቸው። ከ2008 ጀምሮ ነው የሚሰራው፣ ለእናንተ ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ ባቡር በመፅሀፍ ስእል ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ግን ከመንገዱ ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ ሲሄድ ከውስጥ ሆኖ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰአት ግን አይሆንም ሰው ተጠቅጥቆ ነው የሚሄደው፣ እሁድ ጠዋት በጊዜ ይሻላል ቀለል ይላል። በሁለት ተከፍላችሁ አስተማሪ አንዱ ከፊት ገብቶ አንዱ የመጨረሻው ልጅ ሳይገባ እንዳይገባ፣ ሁለት ፌርማታ ሄዳችሁ ውረዱ ይበቃል። የምትፈልጉት መስመር በዛ ሰሞን እየሰራ መሆኑን ብቻ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ቲቸር ሀዋሳ፦
እግዚአብሄር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እማማ እርሶን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ፣ የዘመዱ ነገር ፈፅሞ አልታሰበንም ነበር፣ ትናንት ክፍል ገብቼ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው እጅ ያውጣ ብል እጁን ያላወጣ በጣት የሚቆጠር ነው። የወላጅ ደብዳቤው ላይ እንዳሉት አስገብቼዋለሁ፣ የመጠየቂያ ሰአቱን ከሁለት እስከ ሶስት አድርጌ። ባልደረባዬም መስቀል አደባባይ ሲጨመርለት ተስማማ፣ እሱም ቢሆን ለልጆቹ ብሎ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ ልጆቻችን ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም ሙስሊምም ናቸው፣ ስላሴ ካቴድራል ስንሄድ መግባት የማይፈልግ ልጅ ቢኖር እንዴት ብናደርግ ጥሩ ነው? ሁለተኛ አንዲት ተማሪዬ አስም አለባት፣ እናቷ ልላካት አልላካት ብላ እያለቀሰች ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ ጎበዟ እሷ ናት መቅረት የለባትም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ቲቸር በካቴድራሉ ማንንም አታስገድጂ ማንንም ደግሞ ብቻውን አታስቀሪ። አንድ አስተማሪ መግባት ካልፈለጉት ጋር ግቢው ውስጥ ይቆይ፣ ውጪም የአርበኞች መቃብር አለ የሲልቪያ ፓንክረስትም እዛው ውጪ ነው፣ ስለሷ አንድ ልጅ ቀድሞ አንብቦ መጥቶ ለጓደኞቹ ቢናገር እንዲያውም ከውስጡ የበለጠ ይማራሉ። ለሚገቡት ሴቶቹ ነጠላ ወይ ሻርፕ ይያዙ፣ ጫማ ይወልቃል ካልሲ ያድርጉ። ቅዳሜ ሰርግም ሊኖር ስለሚችል ቀድመሽ ደውይ፣ ካልተቻለ ተይው ሀውልቱ ላይ ጨርሱ፣ ልጆቹን አታሯሩጪያቸው።

የአስሟን ልጅ አምጫት። መድሀኒቷ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሷ ይሁን፣ ሁለተኛ ደሞ አንቺ ቦርሳ ውስጥ፣ አጠቃቀሙንም እናትየው ላንቺም ላለቃዋም ታሳያችሁ። ቁልቁሉን ስትወርዱ ከፊት አድርጊያት ቡድኑ በሷ እርምጃ ይሂድ፣ ከኋላ ያለ ልጅ ነው ለመድረስ ብሎ የሚሮጠው። ቅዳሜ ማታ እንዴት እንዳደረጋት አይተሽ የሰኞውን እንጦጦ ያኔ ትወስኛለሽ፣ ካልሆነ እሷና አንድ ጓደኛዋ ከአንድ አስተማሪ ጋር ያን ቅዳሜ ያለፋችሁትን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ይዩ፣ ከማደሪያችሁ ቅርብ ነው። ሰኞ ክፍት መሆኑን ግን ጠይቂ። ሀኪሟንም ከመነሳታችሁ በፊት ትይ፣ ከፍታውን ንገሩት።

ሳሪስ እናት፦
ለእናትየው ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ ስጫት፣ ልደውልላትና ላናግራት። ቅዳሜ ስትደርሱም ደውይልኝ፣ የጎደለ ብርድ ልብስ ካለ ከሰፈር ሰብስቤ አመጣለሁ።